ሽማግሌ የተላከበት የድጋፍ ደብዳቤ

ስለ ራስ ጥሩ ነገር መናገር ከባድ ነው። ከዚህ የሚከብድ ነገር ቢኖር ሌላ ሰው ስለ እኛ ጥሩ ነገር እንዲናገርልን መለመን ነው። ከሁለቱም የሚብሰው ደግሞ የተለመነው ሰው «እሺ» ብሎ ዝም ሲል፣ ተመልሶ ሄዶ «ያ ስለ እኔ ሊናገሩት የነበረው ጥሩ ነገር ምን ደረሰ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ለዶክትሬት ትምህርት ማመልከት ማለት እነዚህን ሦስቱን በተከታታይ መፈጸም ነው። ዶክተር መሆን የሚከብደው በትምህርቱ ይመስላችኋል? እኔም ይመስለኝ ነበር።

ያመለከትኩት በሥነ ሕይወት ነው። ሰው «ምን አጠናሽ?» ሲለኝ «ባዮሎጂ» ብዬ ወሬውን እዚያው ልዘጋው እሞክራለሁ። ችግሩ «ባዮሎጂ ውስጥ ምን?» የሚል ሰው ሲገጥመኝ ነው። «እንቁራሪት» ስል የሰው ፊት ወዲያው ይለዋወጣል። አንዷ አክስቴ «ለመድኃኒት ነው?» አለችኝ። አይደለም ስላት ሌላ ቁራሽ ዳቦ ጨመረችልኝ። እንዳዘነችልኝ ገባኝ።

እንቁራሪቶቹን ግን እኔ ፍለጋ አልሄድኩም፤ እነሱ ናቸው ሰፈሬ የመጡት። ያኔ የከተማችን ምሥራቅ በሙሉ ጉድጓድ ነበር። ለኮንዶሚኒየም ይቆፈራል፤ ለባቡር ይቆፈራል፤ ለሕንጻ ተቆፍሮ ባለቤቱ ብረት እስኪገዛ ዓመት ይከርማል። ክረምት ሲገባ ጉድጓዱ ውሃ ይይዛል፣ ውሃውን እንቁራሪት ይወርሰዋል። ሌላው ሰው በታክሲ መስኮት ልማት ሲያይ እኔ ኩሬ አይ ነበር። ወንዱ እንቁራሪት ሚስት የሚፈልገው በመጮህ ነው፤ «እኔ ትልቅ ነኝ፣ እኔ ጤነኛ ነኝ፣ እዚህ ነኝ» ይላል። አጠገቡ የሲሚንቶ ሚክሰር ቀኑን ሙሉ ሲያጓራበትስ? ለማስተርስ ያጠናሁት ይህንኑ ነው። እውነቱን ለመናገር በጣም እቀናባቸው ነበር። አውራ ጣት የማታክል ፍጥረት ጭቃ ውስጥ ተቀምጣ ራሷን ያለ ኀፍረት ታሞጋግሳለች፤ እኔ ግን በማመልከቻዬ ላይ «የተሠራው ጥናት መጥፎ አይደለም ተብሎ ሊገመት ይችላል» ብዬ ጻፍኩ። አንዲት የክፍሌ ልጅ አንብባው፣ ይህ ማመልከቻ ነው ወይስ ይቅርታ መጠየቂያ ብላኛለች።

ይሁንና ማመልከቻው እንደምንም ተጠናቀቀ። ባሕር ማዶ ያለው ዩኒቨርሲቲ ግን በእኔ ቃል ብቻ የሚረካ አልሆነም። የሚያውቁኝ ሦስት የተከበሩ ሰዎች የድጋፍ ደብዳቤ ይላኩልኝ አለ። ሁለቱ ላኩ። የቀረው የመመረቂያ ጽሑፌ አማካሪ የነበሩት ዶክተር ገዛኸኝ ናቸው። ሦስቱ ካልሞሉ ማመልከቻው አይታይም፤ ያ ማለት ደግሞ በዓይነቱ ብቸኛ የሆነው፣ የእንቁራሪት ድምፅ ለማጥናት ሙሉ ወጪ የሚሸፍነው ቦታ ለሌላ ሰው ያልፋል ማለት ነው። የመጨረሻው ቀን ሰኞ ነበር። አሁን የምነግራችሁ ስለ ቅዳሜና እሑድ ነው።

ዶክተር ገዛኸኝ መጀመሪያ ስጠይቃቸው «እሺ ሰናይት፣ ብቻ አስታውሺኝ» ብለውኝ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ምን ያደርጋል? ያስታውሳቸዋላ። እኔ ግን የተማረ ሰው ሁለት ጊዜ አይነገረውም ብዬ ወሰንኩ። ቀኑ ሲቀርብ ኢሜይል ልጽፍላቸው ሞከርኩ። «ክቡር ዶክተር፣ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ» እልና፣ ከጤናቸው ወደ ደብዳቤዬ የሚያሻግር ድልድይ ሳጣ አጠፋዋለሁ። ስልክ ደወልኩና ሳይጠራ ዘጋሁት። አንድ ቀን ኮሪደር ላይ ፊት ለፊት ተገናኘን፤ ይህ የእግዚአብሔር ሥራ ነው ብዬ ትንፋሼን ሰብስቤ አፌን ከፈትኩ። የወጣው «ደህና ይደሩ» ነበር። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው።

ቅዳሜ ምሳ ላይ አባቴ ሳህኔን አየና ምን ሆነሽ አለኝ። አባቴ በጡረታ የወጣ የመጋዘን ኃላፊ ነው፤ ከጡረታ በኋላ ደግሞ የካ አባዶ የሚገኘው የኮንዶሚኒየም ብሎካችን ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆኗል። በእሱ እምነት በዚህ ዓለም ላይ ሽማግሌ የማይፈታው ነገር የለም። የላይኛው ፎቅ ውሃ ታችኛው ጣሪያ ላይ ሲንጠባጠብ ሌላው ሰው ቧንቧ ሠራተኛ ይጠራል፤ አባቴ ሽማግሌ ይልካል። ውሃው መንጠባጠቡን አይተውም፤ ጎረቤቶቹ ግን ይታረቃሉ።

ነገሩን አስረዳሁት። ትንሽ አሰበና፣ ሦስት የተከበሩ ሰዎች ስለ አንቺ መስክረው፣ ጨዋነትሽን ተናግረው፣ ያኔ ነው እነሱ እሺ የሚሉት? አለኝ። አዎ አልኩት። ሳህኑን ገፋ አድርጎ «ታዲያ ይሄ ሽማግሌ መላክ አይደለም እንዴ!» አለ። ፈረንጆቹ በመጨረሻም ወደ ልቦናቸው በመመለሳቸው ፊቱ በራ። ቀጥሎም ሁለቱ ሽማግሌዎች ደርሰዋል፤ አንዱ ቀርቷል፤ የቀረው ሽማግሌ ላይ ሽማግሌ ይላክበታል ሲል ፈረደ። አባዬ እባክህ፣ እሳቸው እኮ ሳይንቲስት ናቸው አልኩት። ሳይንቲስት እናት የለውም? አለኝ። ለዚህ መልስ አላችሁ?

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሦስቱ ሽማግሌዎች ከብሎኩ በታች ቆመው ጠበቁኝ። አንደኛው ኦቦ ቶሎሳ ናቸው፤ ይህ ሁሉ ፎቅ ከመቆሙ በፊት ቦታው የእሳቸውና የወንድሞቻቸው እርሻ ነበር፤ አሁን ሁለተኛ ፎቅ ላይ ይኖራሉ። ሁለተኛው ጡረተኛው ሾፌር ጋሽ ይልማ ናቸው፤ የተመረጡት በአንደበታቸው ሳይሆን በቮልስ መኪናቸው ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። ሦስተኛው የሒሳብ ባለሙያው አቶ ጳውሎስ ነው። ጴንጤ ነው፤ ለቀልድ እንኳ አይዋሽም፤ ለሽምግልና እንዲህ ያለ ሰው አስቸጋሪ ነው ቢባልም አባቴ፣ አንድ እውነት የሚናገር ሰው ለሚዛን ያስፈልጋል ብሎ አስገባው። አባቴ ራሱ አልሄደም። የልጅ አባት አብሮ አይሄድም፤ ነውር ነው አለ። እኔስ? የዶክተሩን ቤት የማውቀው እኔ ብቻ ስለሆንኩ እንደ ካርታ ተጫንኩ።

በአንድ ቮልስ ውስጥ ሦስት ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎችና አንዲት ተስፋ የቆረጠች ባዮሎጂስት ስንገባ ቦታ የተረፈው ለአየር ብቻ ነበር፤ እሱም አልበቃም። ጉርድ ሾላ ስንደርስ መንገዱ ለባቡሩ ተቆፍሮ ተዘግቷል። ተለዋጭ መንገዱም ተቆፍሯል። ጋሽ ይልማ ከተማዋ መኪና የሚነዳበት ቦታ ሳታስቀር አደገች ብለው አጉረመረሙ። እኔ ከኋላ ተጣብቄ፣ ምነው መንገዱ ሁሉ በተቆፈረና ወደ ቤት በተመለስን እያልኩ እጸልያለሁ። ኦቦ ቶሎሳ እጄን መታ መታ አድርገው «አይዞሽ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ» አሉኝ። «እኔ ሽምግልና ሄጄ ባዶ እጄን የተመለስኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እሷም ኋላ ተጸጽታለች።»

ቦሌ ሚካኤል ደርሰን፣ ከብረታ ብረት ቤቶቹ ጀርባ ያለውን የዶክተሩን በር አሳየኋቸውና ከመኪናው አልወርድም ብዬ ተደበቅኩ። በቤቱ ውስጥ መጀመሪያ ላይ የሆነውን የሰማሁት ከሽማግሌዎቹ ነው። ሦስቱም የተለያየ ነገር ነው የነገሩኝ፤ እኔ የአቶ ጳውሎስን እወስዳለሁ።

የዶክተሩ ባለቤት እትዬ አልማዝ በሩን ከፈቱ። ሦስት ሽማግሌዎች ገቡ፤ ሰላምታ ሰጡ። ተቀመጡ ሲባሉ እጃቸውን አጣምረው ቆሙ። ቤት ይፍቀድልን፣ ጉዳያችን ካልተሰማ አንቀመጥም አሉ። አንባቢ ሆይ፣ እሑድ ጠዋት ጋቢ የለበሱ ሦስት ሽማግሌዎች ሳሎን ገብተው አንቀመጥም ሲሉ፣ ቤቱ ውስጥ ደግሞ የተመረቀች ያላገባች ልጅ ስትኖር፣ እናት ምን ታስባለች? እትዬ አልማዝ አንድም ቃል እስኪጨመር አልጠበቁም። በደስታ እየተርበተበቱ ወደ ጓዳ ሮጡና ልጃቸውን ትዕግሥትን ልብስ ቀይሪ አሏት። ትዕግሥት በመጋረጃው አጮልቃ አየች፤ ደነገጠችና «ገና ነው ብዬው አልነበር! ለአባቴ ሳልነግረው ሽማግሌ ይልካል እንዴ?» ብላ ጮኸች።

ይህን ሲሰሙ ዶክተር ገዛኸኝ በቱታ ሆነው ከመኝታ ቤት እየወጡ ነበር። ልጃቸው የወንድ ጓደኛ እንዳላት ያወቁት በዚያች ቅጽበት ነው። ለሃያ ዓመት አጥቢ እንስሳትን ያጠኑ ሰው በገዛ ቤታቸው ያለውን አለማየታቸው ያሳዝናል፤ ግን ምን ይደረግ? ሽማግሌዎቹን ትክ ብለው አዩና፣ ልጁ ማነው? ምን ይሠራል? ብለው ጠየቁ። ኦቦ ቶሎሳም በረጋ ድምፅ ልጃችን ሴት ናት፣ የምትሠራውም እንቁራሪት ነው አሉ።



ከዚያ ነገሩ ሲብራራ ዶክተሩ ሳቃቸው መጣ፤ ትዕግሥት ልቅሶዋ መጣ፤ እትዬ አልማዝ ግን ለአማች ሽማግሌ ብለው የጣዱትን ወጥ ከእሳት አላወረዱትም። ዶክተሩ ደብዳቤው እኮ ተጽፎ ካለቀ ቆይቷል አሉ። የደብዳቤው መላኪያ ሊንክ የእኛው ዩኒቨርሲቲ በሰጠኝ፣ ከፍቼ በማላውቀው ኢሜይል መጥቶ ይሆናል፤ እሷ ታስታውሰኛለች ብዬ ስጠብቅ ነበር አሉ። እንግዲህ እኔ እሳቸው እንዲናገሩ ስጠብቅ፣ እሳቸው እኔ እንድናገር ሲጠብቁ፣ ሁለት ባዮሎጂስቶች በጨዋነት አንድ ማመልከቻ ልንገድል ተቃርበን ነበር።

አሁኑኑ እልከዋለሁ፣ እናንተ ተቀመጡ አሉ ዶክተሩ። ሳይላክ አንቀመጥም አሉ ኦቦ ቶሎሳ። ዶክተሩ ላፕቶፓቸውን ጠረጴዛ ላይ አደረጉ፤ የኢንተርኔት ዶንግላቸውን ሰኩ። ገጹ መከፈት ጀመረ። የዚያን ዘመን ኢንተርኔት የምታስታውሱ ታውቁታላችሁ፤ ገጽ አይከፈትም፣ ይወለዳል። ሦስቱ ሽማግሌዎች ከዶክተሩ ጀርባ ቆመው ምጡን ጠበቁ።

ገጹ ሲከፈት ግን ደብዳቤው ብቻ አልበቃም። ስለ አመልካቿ ጥያቄ ነበረው፤ ለእያንዳንዱ ከደረጃዎቹ አንዱ ይመረጣል። ትጋቷ? ዶክተሩ «ከሁሉ የላቀ» የሚለውን መረጡ። ሽማግሌዎቹ እግዜር ይስጥልን አሉ። ታማኝነቷ? ከሁሉ የላቀ። እግዜር ይስጥልን። ለብቻዋ የመሥራት ችሎታዋ? እዚህ ላይ «በጣም ጥሩ» ለማለት እጃቸው ሲሄድ ጋሽ ይልማ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ኦቦ ቶሎሳም አንድ እርከን ከፍ ቢያደርጉልን ምን ይጎድልብዎታል አሉ። ዶክተሩ ይህ ሳይንስ ነው፣ ገበያ አይደለም አሉና በቀድሞው ጸኑ። ሽማግሌዎቹም ቅር እንዳላቸው ለማሳየት በአንድነት ተነፈሱ።

ቀጥሎ ሐሳብን በንግግር የመግለጽ ችሎታ የሚል መጣ። ዶክተሩ እጃቸውን ከላፕቶፑ አነሱ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሁለት ዓመት አስተምሬያታለሁ፣ ስትናገር የሰማኋት ጽሑፏን ያቀረበች ቀን ነው፤ ያን ቀንም ድምፅዋን ማራገቢያው ውጦት ነበር፤ «ለመገምገም አልቻልኩም» ማለቴ ነው አሉ። ኦቦ ቶሎሳ ኧረ አይሆንም፣ ልጃችን ርቱዕ ናት አሉ። ዶክተሩም ዘወር ብለው፣ እናንተ ጎረቤቶቿ ናችሁ፤ ምን ስትል ሰማችኋት? አሉ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ለእኔ ሊመሰክሩ ሩቅ መንገድ የመጡት ሦስት ሰዎች ከሰላምታ በቀር አንድም ዓረፍተ ነገር ከአፌ ሰምተው አያውቁም። ሁሉም ወደ አቶ ጳውሎስ ዞሩ። አቶ ጳውሎስም «ደረጃ ላይ ስንተላለፍ አንገቷን ደፋ ታደርጋለች» ብሎ እውነቱን ተናገረ።

ልጅቷ የት ናት? አሉ ዶክተሩ። ቮልስ ውስጥ።

ጋሽ ይልማ መጥተው መስኮቱን ሲያንኳኩ ደብዳቤው ተልኮ አልቋል ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ተጠርተሻል አሉኝ። ገባሁ። ዶክተሩ በቱታ፣ ሽማግሌዎቹ በቁማቸው፣ ትዕግሥት ዓይኗ አብጦ በበሩ ጥግ። ሰናይት፣ ሁለት ዓመት ምን ስትሠሪ እንደነበር ለእነዚህ አባቶች ንገሪያቸው፣ በአማርኛ አሉኝ። ምንጣፉን አየሁት። ጥሩ ምንጣፍ ነው፤ ዛሬም ብትጠይቁኝ ቀለሙን እነግራችኋለሁ። ስለ... እንቁራሪት... አልኩና ቆምኩ።

ያኔ ኦቦ ቶሎሳ፣ እኔን ለማዳን ይሁን የእውነት ገርሟቸው እንጃ፣ አንድ ነገር ጠየቁኝ። ድሮ ከቤታችን በታች ወንዙ ዳር ክረምት ክረምት ይጮሁ ነበር፤ ፎቁ ሲሠራ ጠፉ፤ የት ሄዱ? አሉኝ።

አልጠፉም! አልኩ። ከየት እንደመጣ የማላውቀው ድምፅ ነው። አልጠፉም ኦቦ ቶሎሳ፣ ጉድጓዶቹ ውስጥ ገብተዋል፤ ከብሎክ አሥራ አንድ ጀርባ፣ ከትምህርት ቤቱ መሠረት ውስጥ፣ ባለቤቱ ከተወው ሕንጻ ሥር አሉ አልኳቸው። ዋናው ነገር መኖራቸው አይደለም፣ አጯጯኻቸው ነው የተለወጠው አልኩ። ሚክሰሩ በወፍራም ድምፅ ስለሚያጓራ፣ በወፍራም ድምፅ የሚጠራውን ወንድ ሴቷ አትሰማውም፤ ስለዚህ ድምፃቸውን አቅጥነዋል፤ አንዳንዱ ደግሞ ሠራተኛው ምሳ ሲወጣ ጠብቆ ነው የሚጠራው አልኩ። እንዴት አድርጎ? አሉ ጋሽ ይልማ። ወንዝ ዳር ያለው እንዲህ ነው አልኩና፣ የምለውን በደንብ አስተውሉ፣ በአማካሪዬ ሳሎን መሐል ቆሜ፣ በሦስት ሽማግሌዎች ፊት፣ ጉንጬን ነፍቼ «ቁርርር፣ ቁርርር» አልኩ። ጉድጓድ ውስጥ ያለው ደግሞ «ክሪክ! ክሪክ! ክሪክ!»

እትዬ አልማዝ ማማሰያ ይዘው ከጓዳ ወጡ። ትዕግሥት በእንባዋ መሐል ፈንድታ ሳቀች። ኦቦ ቶሎሳ ዓይናቸውን ጨፍነው የመጀመሪያውን ድገሚልኝ አሉ፤ ደገምኩላቸው። ከዚያ በኋላ ማን ያቁመኝ? ሴቷ እንዴት እንደምትመርጥ፣ ገና ያልታወቀው ምን እንደሆነ፣ ለምን ሄጄ መማር እንዳለብኝ፣ ሁሉንም ተናገርኩ። ወንዱ ድምፁን ሲያቀጥን ትንሽ መስሎ ይሰማል፤ ታዲያ ሴቷ እንዴት ታምነዋለች? ይህን ማንም አያውቅም፤ እኔ ግን ማወቅ እፈልጋለሁ አልኩ። ስጨርስ ራሴን ከክፍሉ መሐል፣ እጄን ዘርግቼ አገኘሁት።

ዶክተር ገዛኸኝ ወደ ላፕቶፑ ዞረው አንዱን ደረጃ መረጡ፤ ኦቦ ቶሎሳ አንገታቸውን ሲያሰግጉ ይህ ምስጢር ነው ብለው ማያውን አጠፍ አደረጉት። ጥቂት ቆይቶ መላኩን የሚገልጽ ጽሑፍ መጣ። ሽማግሌዎቹ ገና ያኔ ተቀመጡ። ጉልበታቸው ሲንቋቋ እስከ በሩ ተሰማ። ለአማች የተጀመረውን ወጥ እኛ በላነው። ዶክተሩ ለትዕግሥት ስለ ልጁ ያቀረቡትን ጥያቄ አልነግራችሁም፤ ልጁ ግን መሐንዲስ ነው፣ ጨዋ ነው፤ አሁን እኔም አውቀዋለሁ።

ከጥቂት ወራት በኋላ መልሱ መጣ። ጉርድ ሾላ ታክሲ ተሰልፌ በስልኬ ከፈትኩት። ተቀብለንሻል ይላል፤ ሙሉ ወጪሽን እንሸፍናለን ይላል፤ ፈቃደኛ ከሆንሽ በአንድ ወር ውስጥ አሳውቂን ይላል። ሰልፉን ትቼ፣ እዚያው ግንብ ተደግፌ፣ እሺ፣ በደስታ፣ መቼ ልምጣ ብዬ ጻፍኩና ላክሁ። የላኩትን ሁለተኛ ጊዜ እንኳ አላነበብኩትም። እኔ!

ቤት ገብቼ ለአባቴ ስነግረው አቀፈኝ፤ አለቀሰ፤ ግንባሬን ሳመ። ከዚያ ፊቱን ጠርጎ ጉዳዩን ወደ ሥርዓቱ መለሰው። መቼም አሁኑኑ እሺ አትያቸውም አለኝ። የልጅ ቤተሰብ ሲጠየቅ ዘመድ ያማክራል፤ እናስብበት ብሎ ቀጠሮ ይሰጣል፤ ከፍ አድርገው እንዲያዩሽ ትንሽ ይመላለሱ አለ። አባዬ፣ እሺ ብያቸዋለሁ አልኩት። መቼ? አለኝ። ታክሲ ሰልፍ ላይ አልኩት። አባቴ ወንበሩ ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ጎረቤት እንዳይሰማ መስኮቱን ዝጊው አለኝ።

ቪዛዬ እስኪመጣ እየጠበቅኩ ነው ይህን የምጽፈው። ትናንት ደረጃ ላይ ኦቦ ቶሎሳን አገኘኋቸውና አንገቴን ሳልደፋ ሰላም አልኳቸው። እንኳን ደስ ያለሽ ብለው መረቁኝ፤ ቀጥለውም አባትሽ ግን ጥሩ አድርጎ ይዟቸዋል አሉኝ። ማንን? አልኳቸው። ዩኒቨርሲቲውን ነዋ አሉ፤ ሦስት ጊዜ አመላልሷቸው፣ በስንት ልመና ነው እሺ ያላቸው ሲባል ሰምቻለሁ አሉኝ።